የቡታጅራ የሚጥል በሽታ ጥናቶች ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? የፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትን ሥራ በቁጥር ስለ መመዘን

መዝገበ ጥናት (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። የምሠራው በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ «የፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ኤች-ኢንዴክስ ስንት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ኤች-ኢንዴክስ የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚለካ ቁጥር ነው። ስለሚጥል በሽታ ለሚያቀርበው ሴሚናር የፈለገው ይህን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ፍለጋውን ስጨርስ ግን በእጄ የቀሩት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ በርካታ ቁጥሮች ሆኑ። ነገሩ ከአእምሮዬ ስላልወጣ እዚህ ላነሣው ወሰንሁ።

አስቀድሜ ሥራው ምን እንደሆነ ላስታውስ፤ ብዙዎቻችን ቁጥሩን እንጂ ጥናቱን አናውቀውምና። ፕሮፌሰር ረዳ የነርቭ ሐኪምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቡታጅራ ዙሪያ፣ በያኔው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ፣ ቤት ለቤት የሚዞር የነርቭ ሕመሞች ጥናት አካሄዱ። ጥናቱ ያዳረሰው ሕዝብ 60,820 ነበር። መጠይቁ አስቀድሞ ተፈትኖ፣ የታመመውን ለይቶ የማውጣት አቅሙ 91 በመቶ፣ ጤነኛውን ከታመመው ያለመደባለቅ አቅሙ 85 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከተገኙት ሕመሞች መካከል የሚጥል በሽታ ከ1000 ሰው 5.2 ሆኖ ቀዳሚውን ቦታ ያዘ፤ የፖሊዮ ሽባነት እንኳ ያኔ 2.4 ነበር።

በዚህ መንገድ የተለዩት 316 ታማሚዎች አንድ በአንድ ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ከ316ቱ ውስጥ የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሰው ሲቆጠር አምስት ሰው ማለት ነው። የቀሩት የሚታከሙት በባህል መድኃኒት፣ በጠበልና በክታብ ነበር። 8.5 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የቃጠሎ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በ1991 ኅብረተሰቡ ለበሽታው ያለውን አመለካከት የሚመለከተው ጽሑፍ ተከተለ። በ1997 ደግሞ ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ከላርስ ፎርስግሬንና ከያን ኤክስቴት ጋር በዓመት ስንት ሰው አዲስ እንደሚያዝ የሚያሳየውን ጥናት «ኤፒሌፕሲያ» በተባለው ጆርናል አወጡ። ለዚህኛው 61,686 ሰዎች ሦስት ዓመት ተኩል በክትትል ውስጥ ቆይተው 139 አዲስ ታማሚዎች ተገኙ፤ በዓመት ከ100,000 ሰው 64 መሆኑ ነው። ነባር ታማሚን መቁጠር በአንድ ዙር ይቻላል፤ አዲስ የሚያዘውን ለመቁጠር ግን ወደ ዚያው ቤት ደጋግሞ መመለስ ያስፈልጋል፤ በሚጥል በሽታ ላይ እንዲህ ያለ ጥናት በአፍሪካ እስከ ዛሬም ጥቂት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። «ተክለ ሃይማኖት» አንድ ስም ነው፤ ያውም የአባት ስም ነው። የውጭ የመረጃ ቋቶች ግን መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዳሉ። ስለሆነም የሚጥል በሽታ ጥናቶቹ «ተክለ-ሃይማኖት ረ.» በሚል ስም ሲገኙ፣ በዚያው በ1990 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በጓያ ምክንያት ስለሚመጣው የእግር ሽባነት የታተመው ዐቢይ ጥናት «ሃይማኖት ረ. ተ.» በሚል ስም ተመዝግቦ ይገኛል። አንዱ ተመራማሪ በመዝገቡ ላይ ሁለት ሰው ሆነዋል። ሰረዙ ሲቀር ወይም ክፍት ቦታ ሲገባ ሦስተኛና አራተኛ ይወለዳል። ለዚያ ሐኪም የትኛውን ቁጥር መስጠት ነበረብኝ? ከዚያም በላይ፣ ሁሉም ተደምሮ ቢገኝ እንኳ ያ ድምር የዚህን ሥራ ክብደት ይነግረናል ወይ? የእናንተን ሐሳብ በጽሞና አነባለሁ።

ቁጥር መዛኝ

ወንድሜ መዝገበ ጥናት፣ ስላነሣኸው ጉዳይ አመሰግናለሁ። የምኖረው ስዊድን ነው፤ ሙያዬ ስታቲስቲክስ ሲሆን የምርምር ድጋፍ የሚጠይቁ ማመልከቻዎችን በሚገመግም ቡድን ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ ስሙ መከፋፈል የጻፍኸውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። «ቁጥሩ የሥራውን ክብደት አይነግረንም» ወደሚለው ድምዳሜ ግን አትቸኩል ለማለት እፈልጋለሁ።

ኤች-ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2005 ነው። አንድ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት መለኪያው 10 ይሆናል፤ ወደ 11 ለመውጣት ደግሞ 11ዱም ቢያንስ 11 ጊዜ መጠቀስ አለባቸው። ሐሳቡ ቀላልና ቅን ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የደመቀውን ጽሑፍም፣ ማንም የማያነበውን የወረቀት ክምርም እኩል ይቀጣል። ከእሱ በፊት ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫን ማሳተም ሲጀምር ዓላማው ሰውን በደረጃ መደርደር አልነበረም፤ አንድ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደደረሰ ዱካውን መከተል ነበር።

ይህን የማነሣው፣ ቁጥር ጨርሶ በሌለበት ቦታ የሚፈርደው ማን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ቁጥር በሌለበት ትውውቅ ይፈርዳል፤ ከትልቅ ከተማና ከታወቀ ተቋም የመጣ ሰው ይሰማል፤ ከቡታጅራ መረጃ ይዞ የመጣ ሰው ደጅ ይጠናል። አንድ የአፍሪካ ተመራማሪ «ጽሑፌ ከ30 ዓመት በኋላም በስልታዊ ክለሳዎች (ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስበው በሚመዝኑ ጽሑፎች) ውስጥ ይጠቀሳል» ብሎ በማስረጃ ማሳየት መቻሉ ጉልበት ይሰጠዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመናቅ ይልቅ በትክክል ማንበብ ይሻላል እላለሁ።

በትክክል ማንበብ ስል እንዲህ ነው። በሚጥል በሽታ ምርምር ውስጥ በሺዎች ከተጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ ክዋንና ብሮዲ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት የግላስጎው ጥናት ነው። ከዚያ በፊት መድኃኒት ወስደው ከማያውቁ 470 ታማሚዎች መካከል 47 በመቶው በመጀመሪያው መድኃኒት፣ 13 በመቶው በሁለተኛው ከመጣል እንደተገላገሉ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «ሁለት መድኃኒት ያልሠራለት ሰው ሦስተኛው ይሠራለታል የሚል ተስፋ ትንሽ ነው» የሚል ጽሑፍ ሁሉ እነርሱን ይጠቅሳል። መድኃኒት አምራቹ ይጠቅሳቸዋል፤ ቀዶ ሐኪሙ ይጠቅሳቸዋል፤ አዲስ መሣሪያ የሠራው መሐንዲስም ይጠቅሳቸዋል። የቡታጅራን የሥርጭት መጠን የሚጠቅሰው ግን የአፍሪካን ገጠር የሚያጠና ሰው ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ቁጥር ደግሞ ትንሽ ነው። ሁለቱን ጽሑፎች በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ስህተት ነው፤ እያንዳንዱን ከእኩዮቹ ጋር፣ ማለትም ከሌሎች የአፍሪካ የማኅበረሰብ ጥናቶች ጋር ካስቀመጥነው ግን ሚዛኑ ይሠራል፤ ቡታጅራም ከላይኞቹ ተርታ ትገኛለች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ

ሁለታችሁንም በአክብሮት አነበብኋችሁ። እኔ ጽሑፍ አሳትሜ አላውቅም፤ በገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለ ኤች-ኢንዴክስ የማውቀው ዛሬ ከዚህ ያነበብሁትን ብቻ ነው። ነገር ግን 8.5 በመቶ የሚለውን ሳነብ እጄን ከስልኩ ላይ አነሣሁ።

316 ሲባዛ በ8.5 በመቶ ሃያ ሰባት ሰው ያህል ይሆናል። እኔ እነዚያን ሃያ ሰባት ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ የቡታጅራዎቹን ማለቴ አይደለም፤ በእኔ ጤና ጣቢያ የሚመጡትን ማለቴ ነው። እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ላይ የወደቀች ልጅ አለች፤ ምድጃ ዳር ተኝቶ እሳቱ ውስጥ የገባ ሕፃን አለ። አንዲት እናት የልጇን እጅ በነጠላ ሸፍና አምጥታ «ማንም አላነሣልኝም፤ ልጋጉ ይጋባል ብለው ሸሹ» ያለችኝን አልረሳውም። እኛ አገር ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት እንጂ ከእሳት ማራቅና በጎኑ ማስተኛት አልተለመደም። ጥናቱ ቃጠሎውን ለይቶ መቁጠሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ለሠልጣኞች ስለ መጀመሪያ ርዳታ ስናገር «ይህ የአንድ ሰፈር አጋጣሚ ነው» የሚል ሰው ሲነሣ የምመልስበት ነገር ይሰጠኛል።

ሌላው ስለ መድኃኒቱ ነው። በእኛ ዘንድ ፌኖባርቢታል የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለ፤ አንዳንድ ወር ያልቃል እንጂ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በትክክል ተለይቶ በአግባቡ ቢታከም እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያ የሚጥል በሽታን ማከም እንደሚችሉ በጎንደርና በጅማ ዙሪያ የተሠሩ ሥራዎች አሳይተዋል፤ እዚያ ከክትትል ስለሚቀሩት ሰዎች የተጻፈውን አንድ አሠልጣኝ ሰጥቶኝ አንብቤዋለሁ። የመንገድ ርቀት እንዴት ሰውን ከመድኃኒቱ እንደሚለየው ሳነብ የራሴን ጤና ጣቢያ መዝገብ የማነብ መሰለኝ። እኔ ያንን ጽሑፍ አንብቤ የቀጠሮ አሰጣጤን ለወጥሁ፤ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡት በገበያ ቀን ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ የእኔ ንባብ በየትኛው መዝገብ ላይ ይቆጠራል?

ሬዚደንቱ

ያ ቁጥር ጠያቂ ሐኪም እኔ ነኝ። ጋሼ መዝገበ ጥናት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ በኋላ ሳይቀር ስለደከሙልኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ከሰነፍ ልብ አልመጣም፤ ለሴሚናሩ የተሰጠን ቅጽ «የደራሲው ተፅዕኖ በቁጥር» የሚል ሣጥን ስላለው ነው።

ሴሚናሩን ሳዘጋጅ ያጋጠመኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከላይ ከተነሣው የተለየ ይመስለኛል። አንድ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተጠቀሰ ማለት በትክክል ተጠቀሰ ማለት አይደለም። 5.2 የሚለውን ቁጥር ተከትዬ የጠቀሱትን ጽሑፎች አንድ በአንድ ከፈትሁ። ብዙዎቹ መግቢያቸው ላይ «በኢትዮጵያ የሚጥል በሽታ ሥርጭት ከ1000 ሰው 5.2 ነው» ብለው ያልፋሉ። የጥናቱ ደራሲያን ግን እንዲህ አላሉም፤ እነርሱ የተናገሩት በአንድ ዘመን ስለ ነበረ አንድ የገጠር ወረዳ ነው። ከዚያ ቁጥሩ በዛሬው ሕዝብ ቁጥር ይባዛና «ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ታማሚ አለን» ይባላል። ስሌቱ ምናልባት ከእውነቱ ላይርቅ ይችላል፤ ነገር ግን በ1980ዎቹ የተደረገ ቆጠራ የዛሬን አዲስ አበባ፣ የዛሬን ጋምቤላና የዛሬን አፋር ሊወክል አይችልም።

ልዩነቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሲዠር» በተባለው ጆርናል የወጣው የዝዋይ ሐይቅ የዛይ ማኅበረሰብ ጥናት 1154 ሰዎችን አይቶ ከ1000 ሰው 29.5 አገኘ፤ ከቡታጅራ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱ አካባቢዎች ብዙም አይራራቁም። ትንሽ ማኅበረሰብ ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ ቢሆንም አንዱ ለሁሉ አይበቃም የሚለውን በግልጽ ያሳያል። ይህን ጽሑፍ ቡታጅራን ያህል የሚጠቅሰው የለም። ስለዚህ አንድ ጥናት በተጠቀሰ ቁጥር ሌላው እየተረሳ፣ የመጀመሪያው ቁጥር እንደ ሕግ እየጸና ይሄዳል። ይህ ለፕሮፌሰር ረዳ ሥራ ክብር ነው ወይስ ጉዳት? እኔ ጉዳት ይመስለኛል፤ ጥናቱ ያላለውን እያስባሉት ነውና።

መዝገበ ጥናት

ሬዚደንቱ፣ ያንተን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጉዳት ነው በሚለው እስማማለሁ፤ ጉዳቱ ግን ከጠቃሾቹ እንጂ ከጥናቱ አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ አሮጌው ቁጥር አሁንም የሚጠቀሰው አዲሱ በበቂ ስላልተሠራ ነው። ጆርናሎች የሚመዘኑበት ኢምፓክት ፋክተር ያለፉትን ሁለት ዓመታት ጽሑፎች ብቻ ይመለከታል። በዚያ ሚዛን የ1997ቱ ጥናት ከ1999 በኋላ የተጠቀሰው ሁሉ ለጆርናሉ ከቁጥር አይገባም። የዚህ ዓይነት ጥናት ዕድሜ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ቁጥር መዛኝ ካነሡት ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ጥቅሱ የሚሄድበት ቦይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ንጉጊና ባልደረቦቹ የዓለምን የሥርጭት ጥናቶች ሰብስበው በታዳጊ አገሮች ገጠር መካከለኛው አኃዝ ከ1000 ሰው 12.7፣ በበለጸጉት ደግሞ 4.9 መሆኑን አሳዩ፤ በማግሥቱ ዓመት አዲስ ስለሚያዙት ሰዎች 33 ጥናቶችን ሰብስበው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ከ100,000 ሰው 81.7፣ ከፍተኛ ገቢ ላላቸው 45 አገኙ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚገነባው በየመንደሩ በተሠሩ ጥናቶች ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ጸሐፊው የሚጠቅሰው ሰብሳቢውን እንጂ የተሰበሰበውን አይደለም። ሰብሳቢዎቹ በጥንቃቄ ሠርተዋል፤ ጥፋት የለባቸውም። ሆኖም ዶፍ ዝናብ እየመታቸው ከጎጆ ወደ ጎጆ የዞሩት ሰዎች ሥራ በአንዱ አኃዝ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል፤ የጥቅስ መዝገቡም ይህን መልሶ የሚያወጣበት መንገድ የለውም።

እህቴ ነርስ፣ ንባብሽ በየትም መዝገብ አይቆጠርም። እውነቱ ይህ ነው። የፖሊሲና የሕክምና መመሪያ ሰነዶችን የሚከታተሉ አዳዲስ መሣሪያዎች አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ መዝገብ ውስጥ አይገቡም።

ዘመስቃን

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ ተወልጄ ያደግሁት እናንተ በምትነጋገሩበት አካባቢ ስለሆነ ነው የምጽፈው። ሴት አያቴ በሕይወት ሳሉ «ወረቀት ይዘው ‘የሚወድቅ ሰው አለ ወይ’ እያሉ የሚጠይቁ ልጆች መጡ» እያሉ ያወሩን ነበር። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ «አለ» ብሎ መመለስ ቀላል አልነበረም። በቤተሰብ ውስጥ የሚጥለው ሰው ካለ እህቱ ባል አታገኝም፤ ወንድሙም ሚስት አያገኝም። በሽተኛው ጓዳ ይደበቃል፤ ማዕድ ለብቻው ይቀርብለታል። ቤተሰቦቻችን በር ከፍተው፣ የደበቁትን አውጥተው ማሳየታቸው ድፍረት ነበር። 316 ስትሉ ይህንንም አብራችሁ አስቡልን።

ላነሣው የፈለግሁት ነገር ይህ ነው። ያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ ተነበበ፤ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰም እናንተ ትቆጥራላችሁ። በር የከፈቱት ሰዎች ልጆች የሆንን እኛ ግን ምን እንደተጻፈ የምናነብበት አማርኛም ሆነ መስቃንኛ ጽሑፍ በእጃችን የለም። ይህን የምለው ተመራማሪውን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያ ዘመን አንድ የነርቭ ሐኪም ለስንት ሚሊዮን ሕዝብ እንደሆነ እንገምታለን። ነገር ግን «ተፅዕኖ» ስትሉ ወዴት የሚሄደውን ተፅዕኖ ነው የምትለኩት ብዬ ልጠይቅ።

ቁጥር መዛኝ

የዘመስቃን ጥያቄ ከእኔ ሚዛን ውጭ ነው፤ ቢሆንም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በአንድ ነገር ሐሳቤን አሻሽላለሁ። ቀደም ሲል «ከእኩዮቹ ጋር ካስቀመጥነው ሚዛኑ ይሠራል» ብዬ ነበር። ለተመራማሪዎች ውድድር ይሠራል፤ አንድ ጥናት በተጠናበት ቦታ ምን ለውጥ አመጣ ለሚለው ግን አይሠራም። ሚዛኑ ራሱ ይህን ያውቃል ማለት እችላለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 «ኔቸር» በተባለው ጆርናል ላይ የወጣው ስለ ምርምር ምዘና የሚናገረው የላይደን ማኒፌስቶ ከአሥሩ መርሖቹ በሦስተኛው ላይ ለአካባቢ ፋይዳ ያለውን ምርምር ብቃት ጠብቁ ይላል። ከእሱ ቀደም ብሎ በ2013 ይፋ የሆነው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም የአንድን ሰው ሥራ በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ ብሏል። እኔ በምገመግምበት ቡድን ውስጥ እነዚህ ሰነዶች ተፈርመው ተቀምጠዋል፤ ከጠረጴዛው ላይ ግን ዛሬም መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩ ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ስለ ስሙ ግን አንድ ተግባራዊ ነገር ልበል፤ ይህ ለወጣቶቹ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ኦርኪድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ 16 ቁጥር ያለው ስለሆነ ስም ቢለወጥ፣ ቢከፈል ወይም በተለያየ ፊደል ቢጻፍ ሰውየውን አይለውጠውም። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ»፣ «ተክለ»፣ «ወለተ» የሚሉ ስሞች ያሏችሁ ሁሉ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከመላካችሁ በፊት አውጡት፤ ስማችሁን በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደምታሳትሙም አንድ ጊዜ ወስናችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኑ። ሰረዝ ማስገባት ይረዳል። ቀደም ያሉት መምህራን ይህ ዕድል አልነበራቸውም፤ ለእነርሱ ሥራውን ማሰባሰብ ያለብን እኛ ነን።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ

ወንድማችን ዘመስቃን፣ አያትህን ነፍስ ይማር። ስለ በር መክፈት የጻፍኸው ልቤን ነካው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የ1991ዱ ጽሑፍ፣ ስለ አመለካከት የሆነው፣ ከዚያ ወዲህ ተደግሞ ያውቃል? በእኔ ዕለታዊ ሥራ ከመድኃኒት እጦት ይልቅ የሚያስቸግረኝ «ይጋባል» የሚለው ነው። መድኃኒቱን ወስዶ ሁለት ዓመት ያልጣለው ወጣት አሁንም ለብቻው ይበላል።

ሬዚደንቱ

እህቴ፣ ተደግሟል። በዚያው በቡታጅራ አካባቢ ከ15 ዓመት በኋላ ተመልሰው የኅብረተሰቡን አመለካከት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል አሳትመዋል። ጥናቱን የመሩት ዶክተር ተሾመ ሽብሬ ሲሆኑ ፕሮፌሰር ረዳም ከደራሲያኑ አንዱ ናቸው። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የጥቅስ ቁጥር ይበልጥብኛል፤ ከ15 ዓመት በፊት የተጠየቀው ጥያቄ በዚያው አገር መልሶ መጠየቅ የሚገባው ሆኖ መገኘቱን ያሳያልና። የኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተም ሆኖ ሳለ፣ እዚያ የወጣ ጽሑፍ ውጭ አገር ከወጣው ያነሰ ስለሚጠቀስ ይህኛው ክትትል ከመጀመሪያው ይልቅ ተሰውሯል። እኔ ራሴ ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው።

እኔ ዛሬ በነርቭ ሕክምና የምሠለጥነው እዚሁ አገር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪጀመር ድረስ ይህን ሙያ የፈለገ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት። ከእኔ በፊት የተመረቁት ዛሬ በየክልሉ ሆስፒታል ይገኛሉ። እነርሱን ያሠለጠነ መምህር በተማሪዎቹ እጅ የሚያክመው ሕዝብ በየትኛው ኢንዴክስ ይገባል?

ስለ ሴሚናሩ ወስኛለሁ። «ተፅዕኖ በቁጥር» በሚለው ሣጥን ውስጥ አምስት ብዬ እጽፋለሁ፤ ከ316 ሰዎች መድኃኒት ያገኙት እነዚያ አምስቱ ናቸው። ከሥሩ ዛሬ በእኛ ክሊኒክ በክትትል ላይ ያሉትን ታማሚዎች ቁጥር ከመዝገባችን አውጥቼ አስቀምጣለሁ። ሁለቱ ቁጥሮች በቀጥታ የሚነጻጸሩ እንዳልሆኑም እናገራለሁ፤ አንዱ ከማኅበረሰብ ውስጥ፣ ሌላው ከሆስፒታል የተወሰደ ነውና።

ቁጥር መዛኝ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። እኔ አዳራሹ ውስጥ ብኖር መጀመሪያ የምጠይቅህ እሷን ነበር።

መዝገበ ጥናት

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። የስሙን ጉዳይ በተመለከተ ያገኘኋቸውን አጻጻፎች ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አሰባስቤ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ በየትኛው ስም ሥር እንደሚገኝ በመጻፍ ላይ ነኝ። የጓያውንና የሚጥል በሽታውን አብሬ አስገባለሁ፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ሥራ እንደሆኑ ተማሪዎቻችን ማወቅ ይገባቸዋል። ሲያልቅ ፋይሉን እዚሁ አያይዛለሁ፤ ያመለጠኝን የምታውቁ ጨምሩበት።

ለዘመስቃን ጥያቄ ደግሞ በቃል ከመመለስ በሥራ ልመልስ። የ1990ውን፣ የ1991ዱንና የ1997ቱን ጥናቶች ፍሬ ነገር በአማርኛ አሳጥሬ ለመጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ሬዚደንቱ የሕክምናውን ክፍል እንዲያርምልኝ እጠይቃለሁ። እህቴ ነርስ፣ ስለ ቃጠሎና ስለ መጀመሪያ ርዳታ ያለውን ክፍል አንቺ ብታነቢልኝ ደስ ይለኛል፤ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ በሚችል ቋንቋ መሆኑን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ

በደስታ አነባለሁ። ከሐሙስ በፊት ከላክልኝ ለቅዳሜ ገበያ ይደርስልኛል፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ታማሚዎቼ ቀጠሮ ያላቸው በዚያ ቀን ነው።

ዘመስቃን

ወደ መስቃንኛ የሚመልሰው ሰው ከተፈለገ እኔ አለሁ። እናቴም ታግዘኛለች።